አንዲት «ም»

ሳርጀንት ጎዳና ላይ፣ ዊኒፔግ፣ በጥር፣
መኪናው እንደ ስልክ ሶኬት ላይ ሲያድር፣
ዳቦ ፋብሪካ ገባሁ ሥራ ልጠይቅ፣
ክራባት አንቆኝ፣ እንደ ሚዜ ስስቅ።
«የሌሊት ሥራ ነው፣ ትችላለህ?» አለኝ፣
አሥር ዓመት ሌሊቱን ዘብ ቆሜ ያነጋሁኝ
በኩራት መለስኩኝ፣ አፌን ሞልቼ፦
«አይ ዩዝድ ቱ ወርክ ናይትስ!» ደረቴን ነፍቼ።
ሰውዬው ፋይሌን ዘጋና በቀስታ
«ታዲያ ለምን ተውከው?» አለኝ በይሉኝታ።

ለምን ተውከው? ምኑን? ማን ተወ? መች ተውኩ?
እስከ አውቶቡስ ፌርማታ ይህንን አሰብኩ።
መዝገበ ቃል ከፈትኩ፤ «ዩዝ» መጠቀም ነው፤
መጠቀምስ ተጠቀምኩ፣ ታዲያ ጥቅሙ የት ነው?

ማክሰኞ ማታ፣ ቤተ መጻሕፍቱ ምድር ቤት፣
ሚስስ ኮዋልቹክ ቆማ፣ ጠመኔ በጣት፣
ጉዳዬን ሰማችና፣ ሳቋን በጉንጯ ገትታ፣
ሁለት መስመር ጻፈች፣ አንዱን ካንዱ አስጠግታ።

«አይ ዩዝድ ቱ» ያለ ሰው «አደርገው ነበር» አለ፤
ነገሩ ግን ዛሬ ከእጁ ኮበለለ።
«አይም ዩዝድ ቱ» ያለ፣ «ለምጄዋለሁ» ነው፤
ልክ እንደ አሮጌ ጫማ እግሩ ያወቀው።
ከመጀመሪያው ኋላ ግሡ ባዶውን ይቆማል፤
ከሁለተኛው ኋላ የ«ኢንግ» ጅራት ያበቅላል።

ልዩነቱ ምንድን ነው? ከንፈር መግጠም ብቻ፤
አንዲት «ም» ናት ለካ የደሞዜ መፍቻ።
በእኛ ቤት «ም» ስትመጣ ደጁን ትዘጋለች፤
አልበላም፣ አልጠጣም፣ አልሄድም ትላለች።
እዚህ አገር መጥታ ተገልብጦ ሙያዋ፣
«አለሁ» ማለት ሆነ የ«ም» መጨረሻዋ።

መምህርቷ ግን ከፔርሙዝ፣ ሁልጊዜ፣ ሳታወራ፣
ሁለት ስኒ ሻይ ትቀዳለች በተራ።
አንዱን ትጠጣለች፤ አንዱ ይቀዘቅዛል፤
ማንን ትጠብቃለች? ክፍሉ ይጠይቃል።
እሷ ትቀዳለች፣ እኛም እንቀዳለን፣
እሷ ሻዩን፣ እኛ ሰሌዳውን ይዘን።

ያን ዕለት ሩላ ናት ደፍራ የጠየቀች፦
«ሁለተኛው ለማን ነው?» ጠመኔዋ ቆመች።
«ጥሩ ምሳሌ ነው» አለች፣ «ደብተር አውጡ።»

«‹ለሁለት እቀዳ ነበር› ማለት አለብኝ፤
ሰዋሰው ያስገድዳል፣ ቀን መቁጠሪያም አለኝ፤
ባለቤቴ ስቴፋን ካለፈ ሁለት ክረምት ሆነው።
እጄ ግን፣ አያችሁ፣ ሁለተኛው መስመር ላይ ነው።»

ዝም አልን። ቧንቧው ውስጥ ማሞቂያው ተንኳኳ።
በልቤ ደግሞ እኔን አማርኛው ዞረብኝ፣
«ባለቤት» የምንላት ቃል ሁለት ሆነችብኝ፦
ለግሥ አድራጊው ነው፣ ለቤትም ባል ነው፤
መቅዳቷ ባለቤት አለው፣
መጠጣቱ ነው የሌለው።

ያኔ ሮዴል፣ ከሌሊት ፈረቃ የመጣው፣
ግማሹን አንቀላፍቶ፣ ግማሹን ያልሰማው፣
እጁን ሰደደና ስኒውን አነሳ፤
ጭልጥ። ከዚያም፣ ምንም እንዳላጠፋ፣ በለሆሳሳ፦
«ኢት ዋዝ ጌቲንግ ኮልድ።»

ማንም አልተነፈሰም።
ጎኑ የተቀመጠው ልጅ እግሩን ረገጠው።
ሚስስ ኮዋልቹክ ጠረጴዛውን ይዛ
ሳቀች፣ ሳቀች፣ መነጽሯ በእንባ እስኪደበዝዝ፤
«ሮዴል» አለች፣ «ጊዜው ልክ ነው። አንድም ስሕተት የለው።»

ማክሰኞ ሲመጣ አሁንም ሁለት ትቀዳለች፤
አንዱን ወደ ሮዴል ገፋ ታደርጋለች።

እኔም ወደ ፋብሪካው ተመልሼ ሄድኩኝ፤
«ሌሊት ትችላለህ?» ያው ሰውዬ አለኝ።
«አይ…» ብዬ ጀመርኩና፣ ከንፈሬን ገጥሜ፣
«ም» ላይ ሰነበትኩ፣ ሰውዬው ፊት ቆሜ።